ለቀረጻ የተዋስነው ቤት

ጥቅምት 4

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት አክስቴ፣

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ወገብዎስ? እኛ ከነጭቅጭቃችን ደህና ነን። እናቴ «ታላቅ እህቴን አገላብጠሽ ሳሚልኝ» ብላኛለች፤ በወረቀት እንዴት ተገላብጦ እንደሚሳም ግን አልነገረችኝም።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለወሬ ብቻ አይደለም፤ ልመና አለኝ። ገንዘብ አይደለም፣ አይደንግጡ። ቤትዎን ለአሥራ ሁለት ቀን ያውሱኝ።

እንደሚያውቁት የፊልም ትምህርቴን ዘንድሮ እጨርሳለሁ። ለመመረቅ ግን አንድ ፊልም ሠርቼ ማስረከብ አለብኝ። አስተማሪያችን «እስከ ጥር መጨረሻ ያላስረከበ ከርሞም ከእኔ ጋር ነው» ብሎናል፣ እሱ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የእኔው አስፈሪ ፊልም ነው። ባለቤቷ ትመጣለች እየተባለ ለዓመታት ተዘግቶ ስለኖረ ቤትና በውስጡ ስለምትንከራተት መንፈስ ነው።

አራት ነን፤ እኔ፣ ካሜራማኑ፣ «ጠጋኙ» የምንለው የዲኮር ሠራተኛችንና መንፈሷን ሆና የምትተውነው ልጅ። ጠጋኙ ካርቶንና ሙጫ ከሰጡት ቤተ መንግሥት ይሠራል። ቤት ለመከራየት ግን አቅሙ የለንም፤ የእርስዎ ቤት ደግሞ ባዶውን ቁጭ ብሏል። ቁልፉ እናቴ ዘንድ ነው፤ «እሷ ሳትፈቅድ በዓይንሽም እንዳታዪው» ብላኛለች።

አንዲት ሚስማር አንመታም። እንዳገኘነው አድርገን እናስረክባለን። ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ጋር ያድልልኝ፤ እምቢ ቢሉም አላኮርፍም። ትንሽ ብቻ አኮርፋለሁ።

የእህትዎ ልጅ፣
ትንኟ


ኅዳር 2

ለእህቴ ልጅ ለትንኟ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ያሰብሽው ይቅናሽ። ወገቤን ጠይቀሻል፤ ወገቤ እንደ ክፉ ጎረቤት ነው፣ ጠዋት ሰላም ካላልኩት አያስወጣኝም። ሌላው አካሌ ደህና ነው።

ታሪክሽን አንብቤ ሳቅኩም ተናደድኩም። ትመጣለች እየተባለ የተዘጋ ቤት? እንግዲያው መንፈሷ እኔ ነኛ! በቁሜ ገደልሽኝ። አብራኝ ለምትሠራው ለአንሶላ አጣፊዋ ብነግራት «ፊልም ላይ ከሞቱ ዕድሜ ይረዝማል» አለችኝ። ከየት እንዳመጣችው እንጃ፤ ይሁን ብዬ ተቀብያታለሁ።

ቤቱን ወስደሽ ሥሪበት። ግን ደህና አድርገሽ ስሚኝ። እዚህ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። በዚሁ ገንዘብ ያሠራሁትን ያን ቤት አንድ ቀን በዓይኔ አላየሁትም። የግድግዳውን ቀለም እንኳ የመረጥኩት በስልክ ነው። እናትሽ «ነጭ ነው» አለችኝ፤ «ምን ዓይነት ነጭ?» ብላት «ነጭ ነዋ፣ ነጭ!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ እንደ ልማዷ ማልቀስ ጀመረች፣ ካርዱም አለቀ። ለዚህ ነው በደብዳቤ የምመርጥሽ፤ ወረቀት አያለቅስም።

እና ስትገቡ ጫማችሁን አውልቁ። መስኮቶቹን ክፈቱለት፣ የታፈነ ቤት ይሸታል። የኋለኛዋን ክፍል ግን ተዉልኝ፤ እሷ መኝታዬ ናት። ግንበኛው «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባታል» ብሎኝ ነበር። ግንበኛ አይታመንምና ሄደሽ እይልኝ።

ደሙን ከምን እንደምትሠሩትም ጻፊልኝ። አጣፊዋ የእውነት ደም ነው ብላ ድርቅ ብላብኛለች። ከዚህ ሌላ አዲስ ነገር የለም። አንሶላ የሚተኩስና የሚያጥፍ ማሽን ሊያስመጡ ነው ይባላል። ይባላል እንግዲህ።

አክስትሽ


ኅዳር 29

ለደጓ አክስቴ፣

ደጃፍዎ አይዘጋ፣ እጅዎ አይጠር። ፈቃድዎ ሲደርስ ጠጋኙ ከደስታው ብዛት ካሜራማኑን ተሸክሞ ሲዞር ዋለ። ቀረጻ ከጀመርን ስምንተኛ ቀናችን ነው፤ እስካሁን ያልገጠመን ነገር ቢኖር የመሬት መንቀጥቀጥ ብቻ ነው።

ደሙ ስኳርና ውኃ ነው። እስኪወፍር አፍልተን ቀይ የምግብ ቀለምና ትንሽ ካካዎ እንጨምርበታለን። ለአጣፊዋ ይንገሩልኝ፤ ሲልሱት ይጣፍጣል። ችግሩ ለጉንዳንም መጣፈጡ ነው። መንፈሷ አንገቷ ታርዶ በተኛችበት ጉንዳን ወጣባትና እንዲህ ያለ ጩኸት ጮኸች፣ ሰፈሩ በሙሉ ተሰበሰበ። ካሜራው ክፍት ነበርና ያን ጩኸት ፊልሙ ላይ እንዳለ ተጠቀምንበት። ልጅቷ እስከ ዛሬ አላናገረችኝም።

በሩ በራሱ የሚከፈተው በዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። ጠጋኙ መታጠቢያ ቤት ተደብቆ ይጎትታል። አንዴ እዚያው እንቅልፍ ወሰደውና በሩ አልከፈት አለ፤ ተስፋ ቆርጠን ሌላ ትዕይንት ስንጀምር ብድግ ብሎ ከፈተው። ካሜራማኑ እንዴት እንደሮጠ ቢያዩ!

ከአጥሩ ማዶ ያለው በያጅ ደግሞ ብረት ሲቆርጥ ድምፅ መቅዳት አይቻልም። ለምነን፣ ተቆጥተን፣ በመጨረሻ «ፊልሙ ላይ ካስገባችሁኝ ዝም እላለሁ» አለ። ሬሳ አደረግነው። ሬሳው ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፤ ሦስተኛው ላይ ተሳካ።

ትልቁ ችግራችን ግን ቤትዎ ነው፣ አይቀየሙኝ። አላስፈራ አለ! ነጭ፣ ንጹሕ፣ አዲስ ቤት እንዴት ብሎ ያስፈራል? ግድግዳውን በሻይ ቅጠል ውኃና በከሰል ዱቄት አስረጅተነዋል። አይጨነቁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ቀጥሎ ጠጋኙ ግድግዳው እንዲያለቅስ ዘዴ ፈጠረ። የውኃ ጎማ በመርፌ ወግተን በሳሎኑ ግድግዳ አናት ላይ አጋደምነው። ውኃው በቀጭኑ እየተንጠባጠበ ሲወርድ፣ አክስቴ፣ እውነት ለመናገር እኔ ራሴ ፈራሁ። ውኃው በፈረቃ ስለሚመጣ ትዕይንቱን ገና አልጨረስነውም። ወደ ኋለኛዋ ክፍል ዕቃ አላስገባንም፤ ጎማው ብቻ በመስኮቷ ያልፋል።

ፀሐይዋንም አየሁልዎ። ግንበኛው አልዋሸም። ጠዋት በመስኮቱ ገብታ ወለሉ መሃል ድረስ ትመጣለች፤ አልጋዎን በቀኝ በኩል ካደረጉት እግርዎን ታሞቅልዎታለች።

ትንኟ


ታኅሣሥ 17

(ይህ ደብዳቤ አልተላከም።)

ለአክስቴ፣

ሰላምታውን መጻፍ አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። በቀጥታ ልናገር።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ፣ ያስፈቀድኩት አሥራ ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ፣ የግድግዳውን ትዕይንት ልንጨርስ ስንል ውኃው ጠፋ። ቧንቧውን ከፍተን ጠበቅን፣ አልመጣም። ጠጋኙ «ልዝጋው?» አለኝ። እኔ ነኝ «ተወው፣ ሲመጣ እንሰማዋለን» ያልኩት። እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም። ከዚያ ካሜራማኑ ፈተናው በአንድ ቀን መቅደሙን ሰምቶ መጣ፤ ዕቃችንን ጥለን ወደ ትምህርት ቤት ሮጥን። በሩን ቆልፌ፣ መቆለፉን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ ሄድኩ። ቧንቧውን ግን ማን ያስታውሰው?

ውኃው ዐርብ ጠዋት መጥቷል፤ ግፊቱ ጎማውን ከኋለኛዋ ክፍል መስኮት ሥር ነቅሎታል። ፈተናችን እስኪያልቅ አራት ቀን ሙሉ ሳይቋረጥ ፈሷል። እንዲህ ሳይቋረጥ መጥቶ አያውቅም፤ ስንለምነው የነበረው ውኃ!

ማክሰኞ በሩን ስከፍት ወለሉ በኋለኛዋ ክፍል በኩል ሰጥሟል። አፈሩ ውኃ ሲጠጣ የሚለሰልስ ዓይነት ነው አሉኝ በኋላ፤ መሠረቱም ጥልቅ አይደለም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ገና እየተሰነጠቀም ነበር፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ይሰማኛል።

አሁን የምነግርዎትን ግን ለእናቴም አልነገርኳት። ያን ጊዜ አላለቀስኩም። ሰው ልጥራ፣ ድጋፍ እንጨት ይምጣ አላልኩም። ዞሬ «ካሜራውን አምጡት» አልኩ። ጠጋኙ «ያምሻል እንዴ?» አለኝ። አመመኝም አላመመኝም መጣ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀረጽን። መንፈሷን ከግድግዳው ፊት አቆምኳትና ስንጥቁ ከኋላዋ እየሰፋ ሲሄድ ቀረጽን። በመጨረሻ የመኝታዎ ግድግዳ ወደ ውጭ ወደቀ፤ እሱም ተቀረጸ። ልጅቷ ስትሸሽ ነው እኔ የነቃሁት።

የከተማው መሐንዲስ መጥቶ አይቶታል። «የቀረውም አይቆምም፤ ሰው እንዳይገባበት» ብሎ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገበት። አይጠገንም ወይ ብዬ ስጠይቀው ከንፈሩን መጠጠልኝ። የተማረ ሰው ከንፈር ሲመጥልዎ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

እናቴ «እንዳትጽፊላት! እኔው ራሴ በስልክ እነግራታለሁ» ብላለች። ይኸው ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ስልኩን አንስታ ታለቅሳለች፣ መልሳ ትዘጋለች።


ታኅሣሥ 22

ለትንኟ፣

ሰላምሽ እንደ ባሕር ይስፋ። ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። አስነጣሹ ሬሳ ጋ ስደርስ አለቃው ሳይቀር ሳቀ። አጣፊዋ ስለ ደሙ ተሸንፋለች፤ «ካካዎ!» እያለች እስካሁን ትበሳጫለች። እኔ አሁን የፊልም ሊቅ ሆኛለሁ። ቴሌቪዥን ስናይ «ይሄ ክር ነው፣ ያ ሙጫ ነው» እያልኩ ሰው ፊልም እንዳያይ እያደረግሁ ነው።

ስለ ፀሐይዋ የጻፍሽውን ግን ብቻዬን ነው ያነበብኩት።

አሁን የቁም ነገሩን ልንገርሽ። ማሽኑ መጥቷል። እሱ እኮ አይቀመጥም፣ አይታመምም፣ ወገብ የለውም። እኛን ጠርተው ወረቀት ሰጡን። የፈረመ በሰላም ይሰናበታል፤ ያልፈረመ እርጥብ አንሶላ ወደሚሸከሙበት ክፍል ይዛወራል። ያንን ወገቤ አንድ ወር አይችለውም። ግን ደግሞ ፈርሜ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ከሥራዬ ጋር የታሰረ ነው። ተንጠልጥዬ ቀርቻለሁ።

ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ እፈልጋለሁ። ቤቱ ይኖርበታል ወይስ አይኖርበትም? በርና መስኮቱ፣ ውኃው፣ ጣራው ደህና ነው? ደህና ካልሆነ ጻፊልኝ፤ ወገቤን አስሬ እቆያለሁ። ወረቀቱን የምመልሰው የካቲት 1 ቀን ነው። እስከዚያ ካልጻፍሽልኝ ደህና ነው ማለት ነው ብዬ እፈርማለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ደግሞ ቢሮ ለስልክ ተጠራሁ። ሮጬ ሄድኩ፤ ሰው የለም፣ ትንፋሽ ብቻ። ያንቺን መንፈስ መስሎኝ ፈራሁ!

አክስትሽ


ጥር 25

ይድረስ ለውድ አክስቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። እናቴ ሰላም ትላለች። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ፊልሙን መቁረጥና መቀጠል፣ ድምፅ ማስገባት፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ፊልሙ አልቆ ተረክበውታል። አስተማሪያችን ካሁን በፊት ለማንም ያልሰጠውን ውጤት ሰጠኝ። በተለይ መጨረሻውን ወዶታል። በዲስክ ልኬልዎታለሁ፤ ባያዩትም ግን አልቀየምም፣ ለወገብዎ ረጅም መቀመጥ ጥሩ አይደለም።

ስለ ቤቱ፣ ግድግዳው ላይ ትንሽ እርጥበት አለ። ስለ ሥራዎ፣ ባይቸኩሉ መልካም ነው እላለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እዚህ ኑሮው ከባድ ሆኗል፣ ሁሉ ነገር ተወዷል። ትንሽ ቢቆዩስ? ወረቀቱን ባይፈርሙስ?

ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ።

ትንኟ


የካቲት 20

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ የካቲት 15 ነው። እኔ እንዳልኩሽ የካቲት 1 ቀን ፈርሜያለሁ።

ልደብቅሽ አልችልም፣ ደብዳቤሽ አንጀቴን አሳረረው። «ባይቸኩሉ»! በአሥራ ሰባት ዓመት ቸኮልሽ የተባለ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ኑሮው ተወዷል ትይኛለሽ። ለካ ከሩቅ በስልክ ስሆን ነው የምወደደው እንጂ ከጎናችሁ ስቀመጥ እከብዳችኋለሁ አልኩ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። አጣፊዋ ናት «ልጅቷ ፈርታልሽ ነው፤ አንቺ ደግሞ ክፉ ክፉውን ታስቢያለሽ» ብላ የገሰጸችኝ።

ከዚያ ከትናንት በስቲያ ፊልሙን አየነው። ስምንት ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀን። እነሱ መንፈሷን ያያሉ፤ እኔ ቤቴን አያለሁ። በሩን አየሁት። የሳሎኑን መስኮት አየሁት፤ ከላካችሁልኝ ፎቶ ይሰፋል። እነሱ ሲጮኹ እኔ «ቀስ በሉ፣ ወለሉን ልይበት» እያልኩ አስቸገርኳቸው። ከሻይ ቅጠሉ ሥር ብቅ ያለው ነጭ እውነትም ነጭ ነው፤ እናትሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ።

መጨረሻው ላይ ግድግዳው ሲሰነጠቅና ሲወድቅ ሁሉም ቀጥ አሉ። አጣፊዋ እጄን ጨብጣ «ቤትሽን አፈረሱት እኮ!» አለችኝ። ሳቅኩባት። «አንቺ የዋህ፣ ካርቶንና ሙጫ ነው። ከሰጡት ቤተ መንግሥት የሚሠራ ልጅ አላቸው» አልኳት። እንዴት እንደሠራችሁትም አስረዳኋቸው። ከኋላ በክር ተስቦ ነው የሚወድቀው አልኩ፤ አቧራው ዱቄት ነው አልኩ። አመኑኝ። ኮራሁብሽ፣ ትንኟ። ያን ቀን ቅያሜዬ ሁሉ ለቀቀኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ያላት ሴት ምን አጣች?

ክፍሌን ለቅቄያለሁ፤ አልጋዬን ለአጣፊዋ ሰጠኋት። ትንሽ እርጥበት አለ ያልሽው አያስጨንቀኝም፤ መስኮት ከፍተን እናደርቀዋለን፣ ጊዜው ሞልቷል። መጋቢት 14 ከቀትር በኋላ እደርሳለሁ። ሰው እንዳትሰበስቡብኝ። መጀመሪያ ብቻዬን ገብቼ ክፍሎቹን በየተራ ማየት እፈልጋለሁ።

አክስትሽ


መጋቢት 14፣ ጠዋት

አክስቴ፣

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልወስደውም። እርስዎ አሁን አየር ላይ ነዎት። በእጄ እሰጥዎታለሁ፤ ከእሱ ጋር ታኅሣሥ 17 የጻፍኩትና ያልላክሁት ሌላ ደብዳቤ አለ። መጀመሪያ እሱን ያንብቡ።

ካርቶን አልነበረም።

ደብዳቤዎ ጥር 8 ደርሶኝ ነበር። ያን ዕለት ብመልስልዎ ሳይፈርሙ ይደርስዎት ነበር፤ ቀኑን ቆጥሬ አውቄዋለሁ። አንድ ቃል ነበር የጠየቁኝ። «አይኖርበትም» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? ብዕሩን አነሣና ፊልሙን ገና አላስረከብኩም እላለሁ፤ ካወቁ በኋላ መጨረሻውን አውጪው ቢሉኝስ እላለሁ። እግዜር ያሳይዎት፣ ያን ጊዜ የፈራሁት ለእርስዎ ሳይሆን ለመጨረሻው ትዕይንት ነበር። አስረክቤ ስጨርስ ደግሞ ጊዜው አልፎ ነበር። ቢሮ ደውዬ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። «አቤት፣ ማን ልበል?» ሲሉ ድምፅዎን ሰማሁና ዘጋሁት።

ትናንት ሄጄ አየሁት። የቀረውንም ግድግዳ መሐንዲሱ አስፈርሶታል፤ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው አሉ። በያጁ በሩን ለእናቴ አስቀምጦላታል፤ ቁልፉ አሁንም ይሠራል። ጠጋኙ ሊረዳኝ መጥቶ ነበር። ዙሪያውን አየ፣ አንድ ጡብ አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠና «እኔ የማውቀው የሚያስመስል ነገር መሥራት ብቻ ነው» ብሎኝ ሄደ።

እናቴ ቤት አንድ ክፍል ነው ያለን፣ ያውቁታል። አልጋዋን ለእርስዎ አንጥፋለች። ከትናንት ጀምሮ አንሶላውን እየገፈፈች መልሳ ታነጥፋለች፤ አላለቀሰችም። ሳታለቅስ ሳያት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ይቅርታ ልልዎ ፈልጌ ነበር፤ ስጽፈው ግን ወረቀቱ ላይ ያሳፍራል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ደብዳቤውን ከአየር ማረፊያው ሳንወጣ ነው የምሰጥዎ። እስከ ታክሲው ድረስ ልያዘው፣ ሻንጣዎን ካስጫንኩ በኋላ ልስጥዎት ብዬ ነበር፤ ግን አይሆንም። ባለታክሲው ሻንጣዎን ከኋላ ይጭናል፣ እርስዎ ከፊት ይቀመጣሉ፣ ደስ ብሎዎት መስኮቱን ዝቅ ያደርጉታል። ከዚያ ወደ እኛ ዞር ብሎ «ወዴት ነው?» ይላል።